ሰፈራችንን ጠርገን ወባው ለምን ተመለሰ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ትኩሳት ከጻፍን በኋላ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ትኩሳት አይደሉም። ስለ ትንኝ ናቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል የመጡት ከተጨናነቁ የከተማ ሰፈሮች ነው። ቤት ከቤት ተደግፎ ከቆመበት፣ ቧንቧው አንዳንዴ ብቻ ከሚንጠባጠብበት፣ የዝናብ ውሃ መውጫ አጥቶ ደጅ ላይ ከሚተኛበት። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥረናቸዋል።

«ሁለት ቅዳሜ ሙሉ የጽዳት ዘመቻ ወጣን። ከመቶ ሰው በላይ ነበር። ቆሻሻ ለቀምን፣ ቱቦ ጠረግን፣ ሣር አጨድን። ወር ሳይሞላ የጎረቤቴ ሁለት ልጆች በወባ ተያዙ፣ ቀጥሎ የእኔም። አሁን እንውጣ ስል ሰው ፊቱን ያዞርብኛል። ምን አጥፍተን ነው?»

እህቴ፣ በቅድሚያ ልጆቹን እግዜር ይማርልሽ። ምንም አላጠፋችሁም። የሳታችሁት ውሃውን ነው።

የቆሻሻ ክምር ወባ አያመጣም። ሣር ማጨድም ወባን አያስቀርም። የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ውሃ ላይ ብቻ ነው፤ ውሃውም ብዙ ጊዜ እኛ የምንጸየፈው ዓይነት አይደለም። የሚገማው ጥቁር ቱቦ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ የሞላው ሴፕቲክ ታንክ ኩሌክስ የምትባል የሌላ ትንኝ ቤት ነው። ሌሊት ጆሯችን ሥር እየጮኸች እንቅልፍ የምትነሳን ቢምቢ በከተማ አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት። ኩሌክስ ሌላ በሽታ ልታስተላልፍ ትችላለች፣ ወባን ግን አታስተላልፍም። ወባን የምታስተላልፈው አኖፌለስ ናት። በአፍሪካ በብዛት የሚገኙት የአኖፌለስ ዝርያዎች ደግሞ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለው፣ ጠራ ያለ ውሃ ይወዳሉ። የመኪና ጎማ ያለፈበት ዱካ፣ ከብት የረገጠው ጭቃ፣ ለጡብ አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ፣ ተቆፍሮ የቀረ የቤት መሠረት፣ በአትክልት መደቦች መካከል ያለ ቦይ፣ የተሰበረ ቧንቧ ሥር ያቆረ ውሃ። ባጭሩ ልጆች እግራቸውን ነክረው የሚጫወቱበት ውሃ ነው። እናንተ ቱቦውን ስትጠርጉ ምናልባት ይህንን ውሃ እየዘለላችሁት አልፋችኋል።

አኖፌለስ በአንዳንድ ከተሞች ቆሻሻ ውሃንም እየለመደች መሆኗ ስለታየ ቱቦውን ጨርሳችሁ አትተዉት። የትኛው ውሃ ጠላት እንደሆነ ግን በግምት ሳይሆን በዓይን አይታችሁ ለዩ። መሣሪያው ጭልፋ ነው፣ ቢቻል ነጭ። ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳይወድቅ ከፀሐይ አንጻር ቁሙ፣ ዝግ ብላችሁ ቅዱ፣ ትንሽ ጠብቁ። እጮቹ፣ ማለትም ከእንቁላሉ የተፈለፈሉት ትናንሽ ትሎች፣ ይታያሉ። ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ልክ እንደ ተንሳፋፊ ስንጥር ጠፍ ብሎ የተኛው የአኖፌለስ እጭ ነው። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ፣ በጭራው በኩል ባለች ቱቦ ከላይ አየር እየሳበ የተንጠለጠለው ኩሌክስ ነው፣ ወይም የደንጊ ትንኝ የምትባለው ኤዲስ። ይህን ልዩነት የ12 ዓመት ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይማረዋል። ሰፈራችሁ ውስጥ ይህን የሚያውቁ አሥር ሰዎች ካሉ ከመቶ ሰው ዘመቻ የበለጠ ይሠራሉ።

ሁለተኛው ነገር ጊዜው ነው፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምከራከርለትም ይኸው ነው። እንቁላሉ ተፈልፍሎ፣ እጩ አድጎ፣ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ድረስ በሙቀት ወራት አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ሲቀዘቅዝ ወደ ሁለት ሳምንት ይሄዳል። እናንተ የወጣችሁት ሁለት ቅዳሜ ነው። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ማንም አልነበረም፣ ትንኟ ግን ነበረች። ቅዳሜ ያዳፈናችሁት ጉድጓድ ባለበት ይቆይ ይሆናል፤ ማክሰኞ በጣለው ዝናብ ግን አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ የጭነት መኪና አዲስ ጉድጓድ ይከፍታል። አንዷ ሴት ትንኝ በአንድ ጊዜ ከ50 እስከ 200 እንቁላል ትጥላለች።

ስለዚህ ዘመቻውን ተዉትና ዙር ጀምሩ። የሰፈሩን ንድፍ በወረቀት ላይ ሣሉ፤ ማማር የለበትም። መንገዶቹን፣ ግቢዎቹን፣ ባዶ ቦታዎቹን አስገቡ። ከዚያ ከፋፍሉት፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሰው መድቡ፣ እነዚያ ሁለት ሰዎች በየሳምንቱ በዚያው ቀን ያንኑ ቦታ ይዙሩ። የሚፋሰሰውን ያፋስሱ፣ የሚዳፈነውን ያዳፍኑ፣ ሊዳፈን የማይችለውን ይመዝግቡ። ደብተር ያስፈልጋል። የት ውሃ እንዳገኙ፣ እጭ እንደነበረና እንዳልነበረ፣ ምን እንዳደረጉ። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ያ ደብተር የሰፈራችሁን ውሃ ሁሉ ያውቀዋል።

በታንዛኒያዋ ከተማ በዳሬሰላም እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ የከተማ ወባ መከላከል ፕሮግራም የሠራው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። የየሰፈሩ ነዋሪዎች ተመርጠው ክልላቸውን በእግር እየዞሩ ውሃ ይፈልጉ ነበር። በኋላም እጭ የሚገድል መድኃኒት በየሳምንቱ ይረጩ ጀመር። ርጭቱ በተደረገባቸው ቦታዎች ወባ ቀንሶ ተገኝቷል። እኔን የገረመኝ የካርታው ነገር ነው። በእጅ የተሣለውን ንድፍ ከአየር ላይ ከተነሳ ፎቶ ጋር ሲያስተያዩት ማንም በክልሉ ያላስገባው መሬት ተገኘ። ሁሉም የሌላው ድርሻ ነው ብሎ ያለፈው ማለት ነው። እናንተም ንድፋችሁን ስትጨርሱ በሁለት ሰዎች ክልል መካከል ያለውን ድንበር በእግራችሁ ሂዱበትና እዩ።

ሰው ፊቱን ለምን እንዳዞረብሽም ይገባኛል። ትንኝ ይጠፋል ተብሎ ወጣ፣ ሌሊት ቢምቢው እንደ ድሮው በላው። ኩሌክስንና አኖፌለስን ቀድማችሁ ካልነገራችሁት ሥራው ከንቱ ይመስለዋል፤ አይፈረድበትም። በጭልፋ የተቀዳውን እጭ በመስታወት ዕቃ አድርገሽ አሳዪው። ለቢምቢውም አንድ ነገር አድርጉለት፤ የሽንት ቤቱን የአየር ማስወጫ ቱቦ ጫፍ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑ፣ የተሰነጠቀውን የሴፕቲክ ታንክ ክዳን ድፈኑ። ለወባው ባይጠቅምም ለእንቅልፍ ይጠቅማል። እንቅልፍ ያገኘ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል።

«ባለሙያዎች መጥተው ውሃ አታጠራቅሙ ይሉናል። ቧንቧ የሚመጣልን በሳምንት አንዴ ነው። ካላጠራቀምኩ ልጆቼ ምን ይጠጣሉ?»

አጠራቅሚ። ውሃ የማይመጣበት ሰፈር ውስጥ ላለች እናት አታጠራቅሚ ማለት ምክር አይደለም። ጥፋቱ የበርሜሉ ሳይሆን የቧንቧው ነው። መባል የነበረበት ክደኚው ነው።

ይህን ጉዳይ ግን ቀለል አድርገሽ እንዳታዪው እለምንሻለሁ። ቀደም ሲል በአፍሪካ የወባ ትንኝ በርሜልና ታንከር ውስጥ ብዙም አትራባም ነበር። አሁን ግን አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ዝርያ መጥታለች። የመጣችው ከደቡብ እስያና ከዐረብ ልሳነ ምድር ነው። ከተማ ትወዳለች። በርሜል፣ ሲሚንቶ ገንዳ፣ የጣሪያ ታንከር፣ በግንባታ ቦታ ለሲሚንቶ ማቡኪያ የተጠራቀመ ውሃ ይስማማታል። ጅቡቲ ውስጥ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በዚያ ዓመት በአገሪቱ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆነ። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ተገኘች፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ዋና ተጠያቂ እሷ እንደሆነች ጥናት አሳይቷል። በደረቅ ወቅት ማለቴን ልብ በይልኝ። ዝናብ አልነበረም፣ የሰው ውሃ ግን በየቤቱ ነበረ።

እንግዲህ በርሜሉ አፉን ሙሉ የሚገጥም ክዳን ይኑረው። ከሌለው ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ጨርቅ ወጥረሽ ዙሪያውን በላስቲክ ወይም በገመድ እሰሪው። ጨርቁ መሐሉ ረግቦ ውሃ እንዳያቁር፣ ራሱ ሌላ ገንዳ ይሆናል። ከክዳኑ ጠርዝ ትንሽ ቀዳዳ ከቀረች ትንኟ ትገባበታለች። በሳምንት አንዴ ቧንቧ ከመምጣቱ በፊት በርሜሉ ባዶ ሲሆን ታች የቀረችውን ውሃ ደረቅ መሬት ላይ ድፊ፣ ውስጡን ፈትጊ፣ ከዚያ ሙዪ። የአንቺ የውሃ ቀን ከትንኟ ዕድገት ጋር መግጠሙ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። በመጠጥ ውሃ ላይ መድኃኒት የሚጨመር ከሆነ ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደ መሆን አለበት፣ መጠኑንም የጤና ባለሙያ ይለካ። ከገበያ ገዝታችሁ ራሳችሁ አትጨምሩ።

«የተቃጠለ የሞተር ዘይት ኩሬ ላይ ብናፈስ እጩ ይሞታል ይባላል። እውነት ነው?»

ይሞታል። አታፍስሱ ግን። ዘይቱ የውሃውን ገጽ ይሸፍንና እጩ አየር ያጣል፤ ድሮ በብዙ አገር ይሠራበት ነበር። የተቃጠለ ዘይት ግን መርዝ አለበት፤ አፈሩን ይበክላል፣ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይሰርጋል፣ በዚያ ኩሬ የሚጫወት ልጅ ቆዳ ላይ ይቀራል። ከዚያ የተሻለ ነገር አለ። ቢቲአይ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የተገኘ። እጩ ሲበላው አንጀቱን ያበላሽበትና ይሞታል፤ ሰውን፣ ከብትን፣ ዓሣን አይጎዳም። ውሃው ላይ ብዙ ስለማይቆይ በየሳምንቱ መደገም አለበት። ማዘጋጃ ቤታችሁን ወይም ጤና ጣቢያችሁን ይህንን ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። ሊዳፈን የሚችለውን ኩሬ ግን አዳፍኑት እንጂ መድኃኒት አታባክኑበት።

«ሁለት ዓመት በነፃ ስዞር ነበር። ጠዋት ጠዋት ግቢ አንኳኳለሁ፣ ሰው በር ይዘጋብኛል። አንዷ እናት ሌባ ብላ አባረረችኝ። ጓደኞቼ ሥራ ፈት ይሉኛል። ልተወው ነው።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ብትተወው አልወቅስህም። በየሳምንቱ፣ ፀሐይና ጭቃ ላይ፣ በዓመት 52 ጊዜ የሚደረግ ነገር ሥራ ነው። ሥራ ደግሞ ይከፈልበታል። በጎ ፈቃድ ለአንድ ቅዳሜ ይበቃል፣ ለዓመት አይበቃም። የዳሬሰላሞቹም ትንሽም ብትሆን አበል ነበራቸው። ድሃ ሰፈር ውስጥ ያለ ወጣት ጉልበቱን በነፃ ይስጥ፣ ባለሙያው ግን ደመወዙን ይውሰድ የሚል ዕቅድ ሲቀርብ የሰፈሩ ሰው ተነስቶ ይህ አይሆንም ማለት አለበት። ኮሚቴያችሁ ከማዘጋጃ ቤቱም ሆነ ከእርዳታ ድርጅት ጋር ሲነጋገር የመጀመሪያው ጥያቄ የረጪዎቹና የተቆጣጣሪዎቹ ክፍያ ይሁን። ቦት ጫማና ጓንትም ከዚያው ጋር።

የበሩን ነገር በተመለከተ፣ ያቺ እናት ክፉ ሆና አይደለም። የማታውቀው ወጣት ግቢዋ ገብቶ በርሜሏን ልይ ሲላት ምን ታስብ? አንተን የመረጠህ ማን ነው? ነዋሪው ተሰብስቦ በስም ካልመረጠህ፣ እዚያው ስብሰባ ላይ ቆመህ ካልታየህ፣ መታወቂያ አንገትህ ላይ ካልተንጠለጠለ ለእሷ እንግዳ ነህ። ባል በሌለበት ሰዓት ብቻህን አትግባ። ከሰፈሩ ሴቶች አንዷ አብራህ ትዙር፤ እንዲያውም ብዙ ቦታ ላይ ሴቶቹ ከወንዶቹ የተሻለ በር ይከፈትላቸዋል፣ ውሃው ያለውም በእነሱ እጅ ነው። ስትገባ አትፈትሽ፣ አትቆጣ፣ የባለቤቷን ጭልፋ ተቀበልና አብራችሁ ቅዱ። እጩን ራሷ ካየችው የሚቀጥለው ሳምንት ላይ ክዳኑን ራሷ ትገጥመዋለች። ግቢዋ ንጹሕ ከሆነም ንገራት፣ ደስ ይላታል።

ደግሞ ያገኘኸውን መልሰህ ንገር። ብዙ ዙረት የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ደብተሩ ተሞልቶ ወደ ቢሮ ይሄዳል፣ ሰፈሩ ግን ምን እንደተገኘ አይሰማም። በወር አንዴ ሰው በሚበዛበት ቦታ ላይ ቁምና «ባለፈው ወር እጭ ያለበት ውሃ ይህን ያህል ቦታ ነበር፣ አሁን ይህን ያህል ቀርቷል፣ የቀረው እዚህና እዚያ ነው» በል። ቁጥሩ ከጨመረም ሳትደብቅ ተናገር።

«የእኛን ግቢ አጽድተናል። አጠገባችን ግን ባለቤቱ የማይታወቅ ተጀምሮ የቀረ ሕንፃ አለ፣ ምድር ቤቱ ውሃ ሞልቷል። ማንም አይሰማንም።»

እርስዎ ያነሱት ነገር ላይ ትልቅ ሐቅ አለ። ትንኟ አጥር አታውቅም። ሰውና ውሃ ተቀራርበው በሚገኙበት ጥቅጥቅ ያለ ሰፈር ውስጥ ሩቅ መብረር ባያስፈልጋትም፣ ከዚያ ምድር ቤት እስከ መኝታ ቤትዎ ለእሷ ምንም አይደለም። አንድ ያልተከደነ ጉድጓድ የሃያ ቤት ድካም ያፈርሳል።

ይህ ደግሞ በአካፋ የሚያልቅ አይደለም። የፍሳሽ ቱቦ መዘርጋት፣ የተቆፈረ መሬት ማስደፈን፣ የተሰበረ ዋና ቧንቧ መጠገን የማዘጋጃ ቤት ግዴታ ነው። የኅብረተሰብ ተሳትፎ ሲባል ይህን ግዴታ ነዋሪው ይሸከም ማለት ተደርጎ እንዳይወሰድ እሰጋለሁ። ተሳትፎ አብሮ መጠየቅንም ይጨምራል።

ብቻዎን አይሂዱ። የአንድ ሰው አቤቱታ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የውሃውን ፎቶ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ በየሳምንቱ አንሡ፣ እጩን በጠርሙስ ቅዱ፣ በዚያ አካባቢ በወባ የታመሙትን ቤቶች ቁጥር ያዙ (ስም አያስፈልግም)። ከዚያ አሥራ አምስት ሆናችሁ፣ በጽሑፍ፣ የሁላችሁም ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። ጠርሙሱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። ደብዳቤው መግባቱን የሚያሳይ ማህተም ያለበት ቅጂ ሳትቀበሉ አትውጡ። እስከዚያው ድረስ ምድር ቤቱ በየሳምንቱ እንዲረጭ ጤና ጣቢያውን ጠይቁ። ልጆች እንዳይገቡበትም እባካችሁ ዙሪያውን እጠሩ፤ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ከወባ በፊት በመስጠም ይገድላል።

«ውሃውን ሁሉ ካጠፋን አጎበሩን መተው እንችላለን?»

አይቻልም። ውሃውን ሁሉ ማጥፋት አይቻልም፣ ትንኞቹን እንቀንሳለን እንጂ። አኖፌለስ በአብዛኛው የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ አጎበሩ ያኔ ይጠብቃችኋል። በቀስታ በተራ ሳሙና እጠቡት፣ በጥላ ሥር አድርቁት፣ ሲቀደድ ቶሎ ስፉት። ሦስት ዓመት ገደማ ከሆነው ይቀየር። በመስኮትና በጣሪያ ሥር ያለውን ክፍተት በወንፊት ሽቦ መዝጋትም በጣም ይረዳል፤ አንዴ ከተሠራ ለዓመታት ያገለግላል። ትኩሳት የጀመረው ሰው ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር። ሳይታከም የተቀመጠ ሕመምተኛ ለትንኟ የወባ ምንጭ ነው። እሷ ስትፈለፈል ወባ የላትም፣ ከሰው ነው የምትወስደው።

«አሁን በጋ ነው፣ መሬቱ ደርቋል። ዝናብ እስኪመጣ ብንጠብቅ አይሻልም?»

አትጠብቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እጭ የማጥፋት ሥራን የሚመክረው ውሃዎቹ ጥቂት፣ ቦታቸው የማይለዋወጥና በቀላሉ የሚገኙ ሲሆኑ ነው። ዝናብ ሲመጣ በየሜዳው አዲስ ውሃ ይከፈታል፣ ቆጥራችሁ አትጨርሱትም። በደረቅ ወቅት ግን ትንኟ የቀሯት ቦታዎች ጥቂት ናቸው። የሚያፈስ ቧንቧ ሥር፣ የአትክልት ጉድጓድ፣ የግንባታ ገንዳ፣ በርሜል። በዚህ ሳምንት ሁለት ሆናችሁ ጭልፋና ደብተር ይዛችሁ ውጡ፣ ያገኛችሁትን ውሃ ሁሉ ጻፉ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ቀን እዚያው ተመለሱ።